ሰው ያጣ መርዶ

«ማስክሽን ወደ ላይ ሳብ አድርጊው እስቲ» አሉ ጋሽ ሕሩይ። በሩን የከፈቱት ግማሽ ፊታቸው ብቻ እስኪታይ ነበር።

እፀገነት ጭምብሏን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። የኤደኑ ማዕላ ሰፈር ከማለዳው ጀምሮ መብራት ጠፍቷል፤ ደረጃው ጨለማ ነው፣ ሙቀቱም ከአሁኑ ትንፋሽ ያሳጥራል። እዚህ ፎቅ ድረስ ስትወጣ በልቧ የደረደረችው ንግግር ሁሉ በር ላይ ስትደርስ ጠፋባት።

«ነገ ነው ጋሽዬ። ማለዳ። አራት አምስት ሰው ቢገኝ ይበቃል። እርስዎ ካሉ ሌላውም ይመጣል።»

«ለማን ነው ያልሽኝ?»

«ለአለባቸው። እናቱ ሞታበታለች፣ አልሰማም።»

«የትኛው አለባቸው?»

የትኛው እንደሆነ ጠፍቷቸው አይደለም። ጋሽ ሕሩይ ከእንግሊዞቹ ዘመን ጀምሮ ኤደን የኖሩ፣ የማዕላን ሐበሻ እስከ ክርስትና ስሙ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የታመመ መጠየቅ፣ የሞተ መቅበር፣ የተጣላ ማስታረቅ ሲባል ሁሉም ዞሮ እሳቸው በር ላይ ነው የሚቆመው። ሰው ግን መርዳት ካልፈለገ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ሰው አላውቀውም ማለት ነው፤ ጋሽ ሕሩይም ሰው ናቸው።

«ያ ሐምማሉ?» አሉ በመጨረሻ። በአገሩ ቋንቋ ተሸካሚው ማለታቸው ነው።

«አዎ። ሐምማሉ።»

«ልጄ፣ እወደቡ ሰፈር ሁጀይፍ ድረስ ወርደን፣ ያ ሁሉ ሰው ተደራርቦ የሚተኛበት ክፍል ገብተን? ኩሩናው እኮ ገና ከአገሩ አልወጣም። እኔ ስኳሬ አለ፣ ግፊቴ አለ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞስ በሽታው በእነሱ አይደለም እንዴ የመጣብን?»

እፀገነት አባቷን በጀርባው አዝሎ በዚሁ ደረጃ ያወረደውን ልጅ አሰበች። ግን «እሺ ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ወረደች። ይቅርታ የጠየቀችው ለምን እንደሆነ ደረጃውን ስትጨርስም አልገባትም፤ የገባት ነገር ቢኖር በሰው ተከባ ብቻዋን መሆኗ ነው።

መርዶ ሰው ይፈልጋል። በስልክ አይነገርም፣ በአንድ አፍም አይነገርም። ማለዳ፣ ባለቤቱ ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ በሩን ያንኳኳል፤ ሽማግሌው ይናገራል፣ ጠንከር ያለ ጎረምሳ ራሱን እንዳይጥል አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሴቶቹ ያለቅሱለታል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ይህ መዋሸት አይባልም፣ አደራ ነው የሚባለው። የአለባቸው አጎት ከደላንታ በነሐሴ ዝናብ መሀል ሲደውሉላት ያስረከቧት ይህንን ነበር። «የኔ ልጅ፣ እሱ ስልክ የለው፣ ያለን ያንቺ ቁጥር ነው። እህቴ አቻምየለሽ አርፋለች። ሳል ነው ያሉት፣ ሳምንት አልቆየባትም። አንቺም የኛው ሰው ነሽና ወጉ አይጠፋሽም። ሰው ሰብስባችሁ አርዱት። ብቻውን እንዳይሰማ፣ አደራ።»

አደራውን ተቀበለች። ሰው መሰብሰብ ግን ያን ሰሞን እንኳን ለሐምማል ለባለ ሱቅም አልሆነም። «ይህ በሽታ ይለፍ» አሏት። ቆይተው «መስቀል ይለፍ» አሏት። ከዚያ ገና መጣ፣ ጥምቀት መጣ፣ በበዓል ለቅሶ አይባልም። ሰዉ ሰርግ መሄድ ከጀመረ ሰነባብቷል፤ ለአለባቸው እናት ግን በሽታው አላልፍ አለ።

አለባቸውን የተዋወቀችው በበርበሬ ነው። እናቷ ወይዘሮ ኤልሣ በዋናው መንገድ ላይ የሽሮና የቅመም ሱቅ አላቸው፤ ዕቃው በጀልባ ሁጀይፍ ሲራገፍ ተሸክሞ የሚያመጣው እሱ ነበር። ሳዑዲ እደርሳለሁ ብሎ ከደላንታ ወጥቶ፣ መንገዱ ተዘግቶበት ኤደን ላይ የቀረ ልጅ። አንድ ቀን ጆንያው ተቀደደና ብናኙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እፀገነት ውሃ ይዛ ስትሮጥ ሳቋ አመለጣት። እሱም በቀላ ዓይኑ አያትና፣ እንባው እየወረደ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ቢኖርም ባይኖርም ሱቁ በር ላይ የሚያቆመው ሰበብ አያጣም፤ እሷም ሚዛኑን መወልወል አታቆምም።

ወይዘሮ ኤልሣ ገና ያኔ ጠርጥረዋል። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩሽ ከጆንያ ጋር እንድትሳሳቂ ነው?» አሉ አንድ ቀን። ጆንያ ያሉት ልጁን ነው።

ከዚያ ያ ክፉ ግንቦት መጣ። መቃብር ቆፋሪ የታጣበት፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በሩን የቀረቀረበት ግንቦት። የእፀገነት አባት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወደቡ ጸሐፊ የነበሩት አቶ ሰብሐት፣ ትንፋሽ አጠራቸው። አምቡላንስ ቢደወል አይነሳም። የሕንፃው ሰው ሁሉ ሳላቸውን በግድግዳው እየሰማ ዝም አለ። አለባቸው ሰማና ሮጦ መጣ፣ ሽማግሌውን አዝሎ አወረደ፣ ፋይሰል የሚባል አንድ የታክሲ ሹፌር ለምኖ አሳፈራቸው። አቶ ሰብሐት ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ። የቀበሯቸው አለባቸውና ፋይሰል ናቸው። ወይዘሮ ኤልሣ ልጃቸውን ቤት ቆልፈውባት ስለነበር እፀገነት የአባቷን መቃብር እንኳ አላየችም። ድንኳን የለ፣ ለቀስተኛ የለ። እናትና ልጅ በሁለት ክፍል በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ።

በሽታው ጋብ ሲል ወሬው ተነሳ፤ ኩሩናን ያመጡት በባሕር የሚገቡት ሐበሾች ናቸው ተባለ። ስደተኞቹን ከየመንገዱ እየለቀሙ ከከተማ ውጭ የሚጥሏቸው ያን ጊዜ ነው። ወይዘሮ ኤልሣም ሐበሻ መሆናቸውን ለጊዜው ረሱት መሰል፣ «አባትሽን የገደለው እሱ ነው። በጆንያው ላይ ይዞት መጣ። ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላየው!» አሉ። ሐዘን የሚወቀስ ሰው ሲያጣ ቅርብ ያለውን ይይዛል፤ ቅርብ የነበረው ደግሞ ደግ የሠራው ሰው ብቻ ነበር።

ኩሩና ሽማግሌዎቹን በሳንባቸው በኩል ወሰዳቸው። ወጣቶቹን አልነካም ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እፀገነት እጇን ስትታጠብ፣ ደግማ ስትታጠብ፣ ቆዳዋ ተልጦ ሳሙናው ሲያቃጥላት ትውል ነበር። ሁጀይፍ ያለው አለባቸው ደግሞ የመንገድ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ተለቅመው አለቁበት፤ ሥራው ቆመ፤ ቀስ በቀስም መናገር ተወ። የክፍሉ ልጅ፣ የከሚሴው ጀዋር፣ አንድ ከሰዓት በሱቁ ጓሮ መጣ።

«እፀገነት፣ ጓደኛሽ አይተኛም፣ አይበላም። ትናንት ወደቡ ጫፍ እግሩን ወደ ውሃ አንጠልጥሎ ተቀምጦ አገኘሁት። ብጠራው ብጠራው አይሰማኝም። ወላሂ ፈራሁ። አንቺን ካልሰማ ማንንም አይሰማም።»

ያን ጊዜ ነው ከእናቷ ተደብቃ እሱን ማግኘት የጀመረችው። እሑድ እሑድ ወይዘሮ ኤልሣ ለምሳ ወደ ቤት ሲወጡ አለባቸው በጓሮ ይመጣል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ በእሷ ስልክ ለእናቱ ድምፅ መላክ ጀመረ፤ እናቱ ማንበብ አታውቅም፣ አጎቱ ያሰማታል። ድምፁ ሲመለስለት፣ ሲበላ፣ እንደገና ጆንያ ሲያነሳ እፀገነት አየች። ልቧ ገና እፎይ እንዳለ ነው እንግዲህ የአጎቱ ስልክ የመጣው።

ምን ታድርግ? ይህንን ልጅ ከውሃው ጫፍ ያነሳው የእናቱ ነገር ነው። ሰው እስክታገኝ ድረስ አደራውን መጠበቅ አለባት። «እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ዝናቡ እንዴት ነው? ላሟ ወለደች?» እያለ ሲቀዳ እሷ ስልኩን ትይዝለታለች። ሲጨርስ የላከች ትመስላለች፤ አትልክም። በሚቀጥለው እሑድ «ምን አለች?» ይላታል። «ሰላም ብላሃለች። ድምፅ ለመቅዳት አፍራ ነው።» ሌላ ጊዜ «ጸበል ሄዳለች አሉ» ትለዋለች። ውሸት ሲለመድ ይጣፍጣል፤ እፀገነትም ከራሷ እየጨመረች ታሳምረው ጀመር። ከመስቀል ወዲህ ጢሙን ማሳደጉን አይታ «ምነው፣ ሼኽ ሆንክ እንዴ?» ብላ ቀልዳበታለች። ሳቀላት። መሳቁን አይታ ዳነልኝ አለች፣ ደስታዋም እስከሚቀጥለው እሑድ አቆያት።

ከጋሽ ሕሩይ ቤት እንደወረደች ወደ ሱቁ አልተመለሰችም። ብቻዬን እነግረዋለሁ፣ የሚሆነው ይሁን ብላ ፀሐዩ ሲከር ሁጀይፍ ገባች። ጀዋር ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። አይቷት አንገቱን ደፋና መንገድ ለቀቀላት። አለባቸው ከግድግዳው ሥር፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

«ብቻሽን መጣሽ» አለ።

«የሚመጣ ሰው አጣሁ።» ይህን ለምን እንዳለችው አላወቀችም። አጠገቡ ተቀመጠች፤ ራሱን ቢጥል የሚይዘው የእሷ እጅ ብቻ ነውና ይበልጥ ተጠጋችው። «አለባቸው፣ ስማኝ። እናትህ...»

«አውቃለሁ።»

«እናትህ እኮ...»

«ሞታለች። አውቃለሁ እፀገነት።»

ጭምብሏን ከፊቷ አወረደች። «ከመቼ?»

«ከመስቀል ማግስት። አንድ የሰፈራችን ልጅ በጀልባ ገብቶ መንገድ ላይ አገኘኝ። ልስመው ስል "እግዜር ያጥናህ ወንድሜ" አለኝ። የማውቅ መስሎት ነው።»

«ከመስቀል?» አለች። «ከዚያ ወዲህ ስንት እሑድ...»

«በእያንዳንዱ እሑድ መጥቼ የሞተች እናቴን እንዴት ከረምሽ አልኳት። አንቺ ስልኩን ይዘሽልኝ።»

«ለምን? ለምን እንዲህ አደረግክ?»

«ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ ነዋ! ላሟን ስጠይቅ ፊትሽን አያለሁ። አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን አብረን እናለቅሳለን እላለሁ። አንቺ ሰላም ብላሃለች ትይኛለሽ። አንድ ቀን እንዲያውም "ጎመን ተክላለች" አልሽኝ። እናቴ ላይ ሣር በቅሎባት አንቺ ጎመን አስተከልሻት።»

«ፈርቼ ነው አለባቸው። ውሃው ጫፍ ተቀምጠህ እንደነበር ጀዋር ነግሮኛል። ሰው ሳይዝህ ብነግርህ፣ ብትሞትብኝስ?»

«እኔስ?» አለ። ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህባት የሚሻላት ዓይነት ድምፅ ነበር። «እኔስ ያንቺን እጅ አላይም? ተልጦ ደም ሲያዥ አላይም? ማወቄን ከሰማች ትሰበራለች ብዬ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። ይህ ሁሉ ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ አንድም ሰው ሳይሰማኝ። ይህን ጢም ያሳደግኩት ለእናቴ ነው። አንቺ ሼኽ ሆንክ ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅኩልሽ።»

እፀገነት ጢሙን አየችው። አገር ሁሉ ለሐዘን መሆኑን በሚያውቀው ነገር ላይ መሳቋን አስታውሳ መሬት ብትውጣት ወደደች።

«አልቆጣሽም» አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ መጀመሪያ ቀን እንዳያት አድርጎ አያት። «አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። አሁን አልቅሽላት። እዚህ አገር እናቴን አንድ ሴት አላለቀሰችላትም። አንቺ ወገኔ ነሽ አይደል? አልቅሽልኝ፣ እኔም በሰው ፊት ላልቅስ።»

ልታለቅስ ፈለገች። እግዜር ያውቃል ከልቧ ፈለገች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ደረቷን ያዘች፣ «እማማ አቻምየለሽ» ብላ ለመጥራት ሞከረች፤ የወጣው ደረቅ ድምፅ ነው። እንባ የሚባል ነገር የለም። አባቷ በዚያ ልጅ ጀርባ ላይ ሆነው ከቤት ከወጡ ጀምሮ አንድ ጠብታ ወጥቷት አያውቅም። ሌሊት ትራሷን ዳብሳ ደረቅ ሆኖ ስታገኘው፣ እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ ብላ በራሷ ታፍር ነበር። ለማንም ተናግራው አታውቅም። አባቷን በእጁ ለቀበረ ሰው፣ እኔ ለአባቴ አላለቀስኩም ብላ እንዴት ትንገረው?

«አልመጣ አለኝ» አለች።

አለባቸው አያት። ዓይኑ ውስጥ የነበረው እርጥበት ቀስ እያለ ሲደርቅ አየች።

«ለካ አንቺም ዘንድ ሐምማል ነኝ» አለ።

«አይደለም! አለባቸው፣ አይደለም፣ እኔ...»

«ኸላስ። ተይው።» ተነሳ። «ስደተኛውን ወደ አገር ለሚመልሰው አውሮፕላን ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ ማክሰኞ ነው። ሄጄ ለእናቴ ልቀመጥ። እዚያ የሚያለቅስልኝ ሰው አላጣም።»

ጠብቂኝ አላላትም። አትሂድ አላለችውም። ጀዋር በር ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ሆኖ የሁለቱ ነገር ግን አለቀ፣ እሷም ማለቁን ከመንገዱ እስክትወጣ ድረስ ማመን አቃታት።

ማክሰኞ አውሮፕላን ተነሳ። እፀገነት ሱቅ ውስጥ ሽሮ እየመዘነች ድምፁን ሰማች፤ የእሱ ይሁን የሌላ አላወቀችም። እጇን ታጠበች። ሽሮው ላይ ውሃ ተንጠባጥቦ እናቷ ተቆጧት።

በሚቀጥለው ሳምንት ረፋዱ ላይ የደላንታው ቁጥር ደወለ። አጎቱ ናቸው። ከኋላቸው የሴቶች ዋይታ ይሰማል፣ አንዷ ታወርዳለች ሌሎቹ ይቀበሏታል።

«የኔ ልጅ፣ ደረሰልን! ድንኳን ተክለን ሦስተኛ ቀናችን ነው። አንቺን ልመርቅ ነው የደወልኩት።»

«እኔን? እኔ ምን አደረግኩና?»

«ነግሮን የለ! ማለዳ ሰው ሰብስበሽ እንዳረዳሽው፣ ሲወድቅ እንደያዝሽው። "እፀገነት እናቴን እንደ ወለደቻት ልጅ አለቀሰችላት፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች" አለን። አገሩ ሁሉ ሰምቷል። እዚህ ያሉት ሴቶች አንቺን እያነሱ ነው የሚያለቅሱት። ባሕር ማዶ ወገን ያስነሳላት አምላክ ይመስገን አሉ። እግዜር ያክብርሽ።»

«እሱ... እሱ ነው ያለው?»

«እሱ ነዋ። ቆሞ፣ በሰው ፊት።»

ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ከሆዷ ሥር የሆነ ነገር ተነቀለ፤ መጀመሪያ ሳል መሰላት፣ ከዚያ ድምፅ ሆነ፣ ከዚያ እንባው መጣ። ሱቁ መሀል በጉልበቷ ተንበርክካ ጮኸች። ወይዘሮ ኤልሣ ሮጠው አቀፏት። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሐበሻ ሁሉ ድምፁን ሰምቶ መጣ፤ እትዬ ኤሌኒ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ጋሽ ሕሩይ እያለከለኩ፣ ጭምብላቸውን ረስተው ገቡ።

«ተዉአት፣ ይውጣላት» አሉ ወይዘሮ ኤልሣ እያለቀሱ። «አባቷ ነው። ይኸው ዛሬ መጣላት። አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺለት።»

ያን ሁሉ ወራት ለአቶ ሰብሐት ያልተለቀሰው ለቅሶ ሁሉ አንድ ጊዜ ተነሳ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ጋሽ ሕሩይ የሽሮው ጆንያ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አነቡ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ያጣችው እፀገነት ሳትጠራው ሰው ሞላላት።

«እማማ አቻምየለሽ!» አለች። «እማማ አቻምየለሽ፣ ሳላይሽ! እማማ፣ ሳልደርስልሽ!»

ለቅሶው ተንገዳገደ። አንዷ ሴት ሌላዋን አየች።

«አቻምየለሽ ማናት?» አሉ ወይዘሮ ኤልሣ። «እፀገነት፣ ማናት?»

እፀገነት ቀና አለች። ፊቷ ሁሉ ውሃ ነበር።

«አማቴ ናት» አለች።

የማን እናት እንደሆነች ጋሽ ሕሩይ ብቻ ገባቸው፤ ዓይናቸውን ከእሷ አሸሹ። ወይዘሮ ኤልሣ እጃቸውን ከልጃቸው ትከሻ ላይ አነሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ በአንድ ወደ በሩ ሄዱ፤ መቼ ሞተች፣ የት ሞተች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እፀገነት ግን ማልቀሷን አላቆመችም።